ቴርሞሜትሩና የድንገተኛ ክፍሉ መዝገብ፦ የድሬዳዋ ሙቀት ክትትል የሥራ ማስታወሻ

የካቲት፦ ምን እንደሚቆጠር መወሰን

ሙቀት የከተማውን ሰው ጤና እንዴት እንደሚጎዳ የምንከታተልበት ይህ ሥራ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ቦታ ያለውን ሙቀት በየ10 ደቂቃው የሚመዘግብ ሎገር ነው። ሌላው ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መዝገብ በየቀኑ የሚወጣ ቁጥር ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። መሣሪያው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልተሰቀለ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

መዝገብ ላይ «ሙቀት» የሚል ምርመራ መፈለግ ብቻውን የትም አያደርስም። ሙቀት የጎዳው ሰው የሚመዘገበው በልብ ድካም፣ በስትሮክ፣ በኩላሊት፣ በፈሳሽ ማነስ ወይም ዝም ብሎ «ራሱን ስቶ የመጣ» ተብሎ ነው። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከተለመደው በላይ ወደ 15,000 ሰው ሞቷል። ቁጥሩ የተገኘው የዚያን ወር ሞት ካለፉት ዓመታት ጋር በማነጻጸር እንጂ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ሙቀት» የሚል በመልቀም አይደለም። አሕመዳባድም እንዲሁ ነው። የግንቦት 2010 እ.ኤ.አ. 1,344 ተጨማሪ ሞት የታወቀው በንጽጽር ሲሆን፣ ከተማዋ የሙቀት መከላከያ ዕቅዷን ያወጣችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የእኛም ቅጽ በመጀመሪያው ረድፍ የያዘው በቀኑ የመጣውን ታካሚ በሙሉ ነው። የበሽታ ዓይነት ከዚያ በታች ይመጣል።

መጋቢት 1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ ሎገሩ

የአንዱ ሎገር ዕቃ፦ ኢኤስፒ32 ቦርድ (ንባቡን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ኤስኤችቲ31 የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል፣ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ማንበቢያ፣ አንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ፣ ውሃ የማያስገባ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን። ሁሉም ተደምሮ ከ40 ዶላር በታች ነው። ዋጋውን በዶላር የያዝነው ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዝርዝር ቶሎ ቶሎ ስለሚያረጅ ነው። ፋብሪካ የሠራው የሙቀት ጫና መለኪያ ግን አንዱ ብቻ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። ከእሱ አንድ ብቻ ገዝቶ የእኛን ሎገሮች ለማመሳከር መጠቀም ያዋጣል።

ለምን ኤስኤችቲ31? ዲኤችቲ22 የተባለው ሴንሰር ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የሙቀት ስህተቱ እስከ 0.5 ዲግሪ ይደርሳል፤ አቧራና ሙቀት ሲደራረብበት ደግሞ የእርጥበት ንባቡ ከወር ወር ይንሸራተታል። የኤስኤችቲ31 ስህተት 0.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለት ቤቶች መካከል ያለውን የ1 ዲግሪ ልዩነት ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሦስት ነገሮች በቶሎ ይበላሻሉ።

የሰዓት ሞጁሉ፦ ገበያ ላይ ያለው ሰማያዊ ሞጁል ባትሪውን የሚሞላ ሰርኪዩት አለው፤ አብሮ የሚሸጠው ወይም የሚገጠመው ሲአር2032 ግን የማይሞላ ባትሪ ነው። በ5 ቮልት ከተሠራበት ባትሪው ያብጣል። የመሙያውን ዳዮድ ወይም ከጎኑ ያለውን ሬዚስተር በብየዳ ብረት ማንሳት ነው።

የኃይል ፍጆታው፦ ቺፑ በእንቅልፍ ሁኔታ የሚወስደው 10 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው የዩኤስቢ ቺፕና የኃይል መብራት ግን ሚሊ አምፔር ይበላሉ። በጽሑፍ ወራት የሚቆይ የተባለው ባትሪ በሳምንታት የሚያልቀው በዚህ ነው። መብራቱ ይነቀላል፤ ከተቻለ የዩኤስቢ ቺፕ የሌለው ቦርድ ይገዛል።

ባትሪው፦ ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ እየሞቀ መሞላት የለበትም። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ውስጡ ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሶላር ፓኔል አብሮ ማድረጉን የተውነው በዚህ ምክንያት ነው። በየወሩ ካርዱን ለማንበብ ስንሄድ ባትሪውን በተሞላ መቀየር ይበልጣል፣ እሳትም አያሰጋም።

መጋቢት 3ኛ ሳምንት፦ ጥቁር ኳስና እርጥብ ክር

ጉልበቱን እየሸጠ ፀሐይ ላይ ለሚውል ተሸካሚ የአየር ሙቀት ብቻ አይበቃውም። ለእሱ የሚለካው ሦስት ነገር የሚያጣምረው የሙቀት ጫና ነው፦ የእርጥብ ክር ሙቀት (እርጥብ ክር የተጠቀለለበት ሴንሰር ንባብ) በ0.7፣ የጥቁር ኳስ ሙቀት (ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኳስ ውስጥ ያለ ሴንሰር ንባብ) በ0.2፣ የአየር ሙቀት በ0.1 ተባዝተው ይደመራሉ። ፀሐይ በሌለበት ቤት ውስጥ 0.7 እርጥብ ክር እና 0.3 ኳስ ነው። ለምሳሌ አየሩ 36፣ ኳሱ 50፣ እርጥብ ክሩ 24 ቢሆን ድምሩ 30.4 ይሆናል። የአይኤስኦ 7243 መስፈርት ሙቀት ለለመደ ሰው በመካከለኛ የጉልበት ሥራ ያስቀመጠው ወሰን 28 ነው። በድሬዳዋ ደረቅ አየር እንኳ ወሰኑ ሊታለፍ እንደሚችል ሒሳቡ ያሳያል።

የመስፈርቱ ኳስ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቀጭን መዳብ፣ ውጪው የማያብረቀርቅ ጥቁር ነው። የውሃ ታንከር ተንሳፋፊ ኳስ መዳቡ ከተገኘ በጣም ጥሩ ነው። ፕላስቲኩ ሙቀት ስለሚያዘገይ አይመከርም። የሚያብረቀርቅ ቀለም ከተቀባ ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ንባቡ ዝቅ ይላል። ውስጡ የሚገባው ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር መሐል ላይ መንጠልጠል አለበት፤ ግድግዳውን ከነካ የመዳቡን ሙቀት ብቻ ይናገራል። ትልቁ ኳስ ከአካባቢው ጋር ለመስተካከል 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ ከተሰቀለ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ንባብ ይጣላል።

ስለ ዲኤስ18ቢ20 ሌላም ነገር አለ። ልክ 85 ዲግሪ የሚል ንባብ ከመጣ ኃይል ሲያገኝ የሚያሳየው መነሻ ቁጥር ነው። ከዜሮ በታች 127 ከመጣ ሽቦው ተላቋል። ሁለቱም ፋይሉ ውስጥ ገብተው አማካዩን ካበላሹ በኋላ ከመፈለግ ሎገሩ ራሱ እንዳይጽፋቸው ማድረግ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን እርጥብ ክሩ ነው። ንጹህ የጥጥ ፈትል በሳሙና ተቀቅሎ በደንብ ይታጠባል፤ አዲስ ጨርቅ ላይ ያለው ስታርች ውሃ አያስመጥም። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ክሩ በጥቂት ቀን ነጭ ሆኖ ይደርቃል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ይሠራል፣ ነገር ግን ሻጩ አሲድ የተቀላቀለበትን እንዳይሰጥ ጠርሙሱን ማየት ግድ ነው። ክሩ ደርቆ ንባቡ በ3 ዲግሪ ቢያሻቅብ ድምሩ በ2.1 ይጨምራል፤ ይኼ ብቻውን ከቀላል ቀን አደገኛ ቀን ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ እርጥብ ክር ያለው ሎገር የምንሰቅለው በየቀኑ የሚያየው ሰው ባለበት ቦታ ብቻ ነው። በሌላው ቦታ እርጥብ ክሩን ከሙቀትና ከእርጥበት ንባብ በስሌት እናወጣለን፣ ፋይሉ ላይም «በስሌት» ተብሎ ይጻፋል።

መጋቢት መጨረሻ፦ ማመሳከር

ዜሮ ዲግሪ ለማግኘት በረዶ ተፈጭቶ በጥቂት ውሃ እየተማሰለ በቴርሞስ ይቀመጣል፤ ሴንሰሩ በቀጭን ፕላስቲክ ታሽጎ መሐሉ ላይ ይገባል። የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው ብሎ መነሳት ግን አይቻልም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥበቱን ለማመሳከር የገበታ ጨው በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ይቦካና በሚዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይደረጋል። ሴንሰሩ ጨውን ሳይነካ ከላይ ሲያድር በ25 ዲግሪ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። ከ4 በመቶ በላይ የሚያዘነብል ሴንሰር አይሰቀልም።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ሎገሮች ጎን ለጎን አንድ ቦታ ከማመሳከሪያው ጋር ሌትና ቀን ይቆያሉ። ልዩነታቸው በየሰዓቱ ተጽፎ ለእያንዳንዱ ማረሚያ ቁጥር ይሰጠዋል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሥራ በኋላ «መጋላ ከከዚራ ይሞቃል» ቢል የሰፈሩን ይሁን የሴንሰሩን ልዩነት ሊያውቅ አይችልም።

ሚያዝያ፦ መስቀል

ለውጪው ሎገር ጥላ የሠራነው የአበባ ማሰሮ ሥር ከሚቀመጡ ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ነው። መሐላቸው ተበስቶ፣ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተደራርበው፣ በረጃጅም ብሎን ይታሰራሉ። ከላይ ያለው ሳህን አይበሳም። ከመሬት 1.5 እስከ 2 ሜትር ይሰቀላል። ነፋስ ሲጠፋ ይህ ጥላ ራሱ ሞቆ ከ1 ዲግሪ በላይ ሊያሳስት ይችላል። ጸጥ ያለ ቀትር ላይ የመጣ ንባብ በጥርጣሬ ይታያል።

የቤት ውስጡ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ምዕራብ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ፣ የከሰል ምድጃ አጠገብ፣ የፍሪጅ ጀርባ፣ የቴሌቪዥን መደርደሪያ አይሆንም። ከቆርቆሮው በቅርብ ርቀት ከተሰቀለ የሚለካው ጣሪያውን ነው። የምንፈልገው ሰው ተኝቶ ወይም ተቀምጦ የሚተነፍሰውን አየር ስለሆነ 1 ሜትር አካባቢ ይበቃል። ቤተሰቡን ስናስፈቅድ የምንለው አጭር ነው፦ «እማማ፣ ይቺ ሣጥን ሙቀት ብቻ ነው የምትጽፈው፤ ድምፅም ምስልም አትወስድም። ካስቸገረች ደውለው ይንገሩን፣ መጥተን እንወስዳለን።» ሣጥኑን ከፍቶ ማሳየት ከማንኛውም ቅጽ የበለጠ ያረጋጋል።

ሁለት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን መለካት ያስፈልጋል። ቀጭን ቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ቶሎ ይግላል፣ ማታም ቶሎ ይበርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ቀን ይከላከልና የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። የአረጋውያን ልብ የሚያርፈው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ በማግስቱ ከተመሳሳይ ሙቀት ጋር የሚጋጠሙት ደክመው ነው። ለዚህ ስንል ከቀኑ ከፍተኛ እኩል የሌሊቱን ዝቅተኛ እናወጣለን። የአየር ሁኔታ ጣቢያ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚሠራ ክትትል የጨቅላ እናት የምታድርበትን ክፍል አያየውም፤ እንዲህ ያለው ክፍል ሳይለካ ቀርቶ ስለ ከተማው ሙቀት መናገር አይገባንም።

አንድ ሎገር በጤና ጣቢያው መድኃኒት መጋዘን ተሰቀለ። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ሣጥኑ ላይ እንደ ዓይነቱ 30 ወይም 40 ዲግሪ ጣሪያ ተጽፎበታል። መጋዘኑ ከዚያ ካለፈ በሙቀት ወቅት «ወባ የለም» የሚለው ውጤት ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ግንቦት መጀመሪያ፦ ቀንና ሰዓት

የሥራው ከባድ ክፍል ይኼ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትኩረት ግን ይበላል።

ሎገሩ የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በኢትዮጵያ ሰዓት ነው። የሳተላይትና የሞዴል መረጃ፣ ለምሳሌ ኢአርኤ5-ላንድ፣ ቀኑን የሚጀምረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሦስቱ ሳይታረቁ ከተገናኙ ሙቀቱና ሕመሙ በአንድ ቀን ይተላለፋሉ። የሙቀት ጉዳት ደግሞ በዚያው ቀንና በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት የሚታይ ስለሆነ አንድ ቀን መሳሳት ውጤቱን ያጠፋዋል።

ቀን ለመቀየር በእጅ 7 ወይም 8 ዓመት ከመደመር ሁሉንም ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር መለወጥ ነው። ዓመቱ ሲቀነስ 1 በ365 ይባዛል፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይያዛል፤ ወሩ ሲቀነስ 1 በ30 ይባዛል፤ ቀኑ ሲቀነስ 1 ይወሰዳል፤ እነዚህ ተደምረው 1724221 ይጨመርባቸዋል። መሞከሪያው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. 2460200 መስጠት አለበት፣ እሱም መስከረም 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነው። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ነው 11 ሳይሆን 12 የሆነው። ቀመሩ ጳጉሜንን እንደ 13ኛ ወር ስለሚያስተናግድ ሌላ ማስተካከያ አይፈልግም።

ሰዓቱ ሌላ ጣጣ አለው። የሌሊት ተረኛ «ግንቦት 14፣ ሌሊት 8 ሰዓት» ብላ ስትጽፍ ብዙውን ጊዜ ቀኑ ተረኝነቷ የጀመረበት ቀን ነው። በምዕራቡ አቆጣጠር ግን ቀኑ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተቀይሯል። የትኛውን እንደጻፈች ከመዝገቡ ብቻ ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው ቅጹ ላይ «የተረኝነት ቀን» እና «ቀን/ሌሊት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ማስገባት ነው። ሌሊት ተብሎ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያለው ሁሉ በኮምፒውተር አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሲስተሮቹን አዲስ የሰዓት አጻጻፍ ማስተማር አልፈለግንም፤ በሥራ ብዛት መሐል የለመዱትን ሲቀይሩ የሚመጣው ስህተት ከመጀመሪያው ይብሳል።

ወርሃዊውን የጤና መረጃ ሥርዓት ሪፖርት ለዚህ ሥራ መጠቀም አይቻልም፤ ከወሩ 21ኛ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ያለውን ደምሮ የሚዘጋ ስለሆነ የሦስት ቀን ሙቀት በሠላሳ ቀን ውስጥ ይሟሟል። ከሰኞ እስከ እሑድ የሚላከው የወረርሽኝ ክትትል ሳምንታዊ ሪፖርትም ቢሆን ይከብዳል። ወደ መዝገቡ መውረድ ግድ ነው።

ቅጹ አጭር ነው፦ የዕድሜ ክልል፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ዋና ምልክት፣ የሰውነት ሙቀትና በምን እንደተለካ፣ ንቃተ ሕሊና፣ የወባ ምርመራ ውጤት፣ የት እንደሄደ። ስምና ካርድ ቁጥር አይወጣም። ታካሚ ያልመጣበት ቀን 0 ይጻፋል፤ መዝገቡ ያልተገኘበት ቀን ደግሞ ባዶ ይተዋል። እነዚህ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ኋላ የሚለያቸው የለም።

ግንቦት አጋማሽ፦ ትኩሳት የማን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ትኩሳት ብዙ ባለቤት አለው። ደንጊ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ከተማዋን አዳርሰዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው ትንኝ ጋር ተያይዟል። ሙቀትና የውሃ እጥረት ሲበዛ ሰው በበርሜልና በጀሪካን ያጠራቅማል፣ ትንኟም አብራ ትበዛለች። ስለዚህ ትኩሳትን የሙቀት ምልክት አድርጎ መቁጠር ያሳስታል። ትንተናው ውስጥ ወባ የተረጋገጠባቸው ለብቻ ይያዛሉ።

የግንባር ኢንፍራሬድ መለኪያ አንጠቀምም። ብዙዎቹ እስከ 40 ዲግሪ አየር ድረስ ነው የሚሠሩት፤ ከፀሐይ የገባ ሰው ግንባር ይግላል፣ ያላበው ደግሞ ይቀዘቅዛል። የብብት ልኬትም ዝቅ ያሳያል። የሙቀት ምት የሚባለው የውስጥ ሙቀት ከ40 ሲያልፍና ታካሚው ሲቃዥ ወይም ራሱን ሲስት ነው፤ አስተማማኙ በፊንጢጣ የሚለካው ነው። ቅጹ ላይ የልኬት ቦታ መጻፉ ለዚህ ነው።

ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ውሃ፣ አንሶላ፣ ማራገቢያና ሸራ የያዘ ሣጥን አስቀመጥን። ቁጥር ብቻ ሰብስቦ መሄድ ተገቢ ነው ብለን አላመንንም። የሙቀት ምት ሲጠረጠር መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፦ በሸራ ላይ አስተኝቶ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ፣ እርጥብ አንሶላ፣ ነፋስ። ወደ 39 ሲወርድ ይቆማል። ፓራሲታሞል ለዚህ አይሠራም። ኦአርኤስ በአፍ የሚሰጠው ለነቃ ሰው ብቻ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ደረቅ አየር ማራገቢያ ያለ ውሃ ገላን ያሞቃልና አንሶላው መድረቅ የለበትም።

ሰኔ፦ ሞት

ቤቱ የሞተ ሰው ሆስፒታል መዝገብ ላይ የለም። አዲስ አበባ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀብር ቦታ ክትትል ነበራት፤ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ቀርሳ ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ቤት ለቤት የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል። እኛ የያዝነው የመጀመሪያውን መንገድ ነው፦ የቀብር ቦታ ጠባቂዎችና የእድር ጸሐፊዎች።

እዚህም ቀኑ ያከራክራል። ሙስሊም ብዙውን ጊዜ በሞተበት ቀን ይቀበራል፤ ክርስቲያን ዘመድ ተጠብቆ በማግስቱ ሊሆን ይችላል። የቀብር ቀን እንደ ሞት ቀን ከተወሰደ አንዱ ወገን በአንድ ቀን ይዘገያል። ስለዚህ «መቼ አረፈ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ «ቀን ነው ሌሊት?» ይጨመርበታል። የሚመዘገበው ቀን፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ ብቻ ነው። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ ጥያቄ አይቀርብም፤ ጸሐፊው የሚያውቀው ይበቃል።

ሐምሌ፦ ትንተና

የሙቀት ማዕበል ወሰን ከሌላ ሀገር አይወሰድም። ከጣቢያው የረጅም ዓመታት የቀን መረጃ 90ኛውና 95ኛው መቶኛ (ከመቶ ቀን 90ው ወይም 95ቱ የማያልፉት ሙቀት) ይወጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ተከታታይ ቀን ሲያልፍ እንደ ማዕበል ይያዛል። ጣቢያው የጎደለውን በኢአርኤ5-ላንድ መሙላት ይቻላል፤ የአንዱ ካሬ ስፋት 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግን ከተማውንና ከደቡብ ያለውን ተራራ ያቀላቅላል፣ ብዙውን ጊዜም ያቀዘቅዛል። በጣቢያው ንባብ ካልታረመ በቀር አይገባም።

ሞዴሉ የቀኑን ቁጥር ከሙቀት ጋር እስከ 7 ቀን መዘግየት ያያይዛል። የሳምንቱ ቀን፣ በዓላት፣ ዝናብና የተረጋገጠ ወባ አብረው ይገባሉ። ሰኞ ሁልጊዜ ታካሚ ይበዛል፤ ይህ ካልተለየ ከእሑድ ሙቀት ጋር የተያያዘ ይመስላል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ እንደ ወር ሳይሆን ለብቻው ምልክት ይሰጠዋል። የቀን ቁጥሮቹ ፖይሰን የተባለው የቆጠራ ሞዴል ከሚገምተው በላይ ስለሚዋዥቁ ተራው ፖይሰን እርግጠኝነትን ያጋንናል፤ ይህን መዋዠቅ የሚያስተናግደው ኳዚ-ፖይሰን ወይም ኔጌቲቭ ባይኖሚያል ይሻላል።

የአንድ ወቅት መረጃ ለማስጠንቀቂያ ወሰን አይበቃም። የሚያስችለው መዝገቡ የት የት እንደሚጎድል ማየትን ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት የድንገተኛ ክፍል መዝገቦች በዚያው ቅጽ ወደ ኋላ እየተገለበጡ ነው። ቅድሚያ ያገኙት የግንቦትና የሰኔ ወራት ሲሆኑ፣ ለንጽጽር የኅዳር ወር ይከተላል።

ነሐሴ፦ ወርዶ የተፈተሸ

ሎገሮቹ ወርደው በዚያው የበረዶ ቴርሞስና የጨው ዕቃ በድጋሚ ይመሳከራሉ። ከመጋቢቱ ጋር ያላቸው ልዩነት ለወቅቱ በእኩል ተከፋፍሎ ይታረማል። የውጪዎቹ ሳህኖች በአቧራ ስለጠቆሩ ታጥበው ወይም ተቀይረው ይመለሳሉ። ለመጪው የካቲት የሚገዛው፦ የእርጥበት ሴንሰር መጠባበቂያ፣ የመዳብ ኳስ፣ ዲስትልድ ውሃ፣ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሁለት ሁለት የፊንጢጣ ቴርሞሜትር። የገንዘብ እጥረት ካለ የሚቀነሰው ኳሱ ነው፤ ቴርሞሜትሩ አይነካም።